ገመድ ላይ ያለችው ጉብታና የጎረቤት ሬዲዮ

ከቤታችሁ የኤሌክትሪክ ገመዶች መካከል ጫፉ አካባቢ ወፍራም ጉብታ ያለበት አንድ አይጠፋም። በድሮ የኮምፒውተር ስክሪን ገመድ ወይም በአንዳንድ የላፕቶፕ ቻርጀር ሽቦ ላይ ፈልጉት። ብዙ ሰው ገመዱ እንዳይበጠስ የተደረገ ማጠናከሪያ ይመስለዋል፤ አንዳንዱም ውስጡ ፊውዝ ያለ ይመስለዋል። ሁለቱም አይደለም። ፕላስቲኩ ቢገለጥ የሚገኘው እንደ ሸክላ የሚሰበር ጥቁር ቀለበት ነው። ሽቦዎቹ በቀዳዳው ያልፋሉ እንጂ ከቀለበቱ ጋር በምንም አልተያያዙም።

የሚገርመው ደግሞ፣ ቀለበቱ ቢወልቅ ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ይሠራል። ታዲያ ለምን ገንዘብ ወጣበት? መልሱ አጭር ነው፦ ለጎረቤት። ዕቃው የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ጫጫታ በገመዱ በኩል አምልጦ የሌላ ሰው ሬዲዮ ወይም ቴሌቪዥን እንዳይረብሽ ነው። ይህች ጉብታ እዚህ ለመድረስ ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋ ክርክር፣ አንድ የፍርድ ቤት ሽንፈትና ጃፓን ውስጥ የተገኘ አዲስ ሸክላ አስፈልጓታል። እስቲ ከመጀመሪያው እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስልኩና ትራሙ ተጣሉ

ኤሌክትሪክ ሄዶ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ወደ ወጣበት ምንጭ መመለስ አለበት። የመጀመሪያዎቹ የስልክ መስመሮች ግን ወጪ ለመቆጠብ ሲባል በአብዛኛው አንድ ሽቦ ብቻ ነበራቸው። ድምፁ በሽቦው ይሄዳል፣ መመለሻው ደግሞ መሬት ራሷ ናት። በሁለቱም ጫፍ ብረት መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ አለቀ። ርካሽ ነበር፤ ይሠራም ነበር።

በ1888 ፍራንክ ስፕራግ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ ሰፊ የኤሌክትሪክ ትራም አገልግሎት አስጀመረ። ሌሎች ከተሞችም ተከተሉት። ትራሞቹ ኃይል የሚወስዱት ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ ሲሆን፣ የኤሌክትሪኩ መመለሻ ሐዲዱና ከሐዲዱ ሥር ያለው መሬት ነበር። እንግዲህ አስቡት፦ የስልኩ ስስ ኤሌክትሪክና የትራሙ ጉልበተኛ ኤሌክትሪክ በአንድ መሬት ውስጥ ይመላለሳሉ። ትራም ባለፈ ቁጥር ስልክ የያዘው ሰው ጆሮ ላይ ጉርምርምታ ይመጣል።

የስልክ ኩባንያዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። ከክሶቹ አንዱ ከሲንሲናቲ ከተማ ተነሥቶ እስከ ኦሃዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1891 የተሰጠው ውሳኔ ለትራሙ አደላ፦ መንገድ በመጀመሪያ ደረጃ ለመጓጓዣ ነው፤ ስልክ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። መፍትሔ የመፈለጉ ሸክም በስልኩ ባለቤት ላይ ወደቀ። በአጭሩ፣ የሚረበሸው ራሱን ይጠብቅ ማለት ነው። ይህችን ሐሳብ ያዟት፤ ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ ተገልብጣ ትመጣለች።

ደግነቱ መፍትሔው ቀድሞ ታስቦበት ነበር። የስልኩ ፈልሳፊ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1881 የፈጠራ መብት ያገኘበት አንድ ዘዴ ነበረው፦ መሬትን ትቶ ለመመለሻ ሁለተኛ ሽቦ መዘርጋት፣ ሁለቱንም ሽቦዎች እርስ በርስ መግመድ። የተገመዱ ሽቦዎችን ከውጭ የሚመጣ ረብሻ እኩል ይነካቸዋል። ስልኩ የሚያዳምጠው ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። እኩል የመጣው ነገር ልዩነት ስለማይፈጥር ድምፁ አይሰማም። ዛሬም የኢንተርኔት ገመድ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው የተገመዱት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለት ዓይነት ጉዞ

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ትልቅ ሐሳብ እናውጣ። ሁለት መስመር ያለው አስፋልት አስቡ። መኪኖች በአንዱ መስመር ይሄዳሉ፣ በሌላው ይመለሳሉ። የሄደውና የተመለሰው ቁጥር እኩል ነው። በገመድ ውስጥ ያለው ሥራ የሚሠራ ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው፤ በአንዱ ሽቦ ሄዶ በሌላው ይመለሳል። መሐንዲሶች ይህን ዲፈረንሻል ሞድ ይሉታል።

አሁን ደግሞ በሁለቱም መስመር መኪኖች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲነዱ አስቡ። እነዚህ ሲመለሱ አስፋልቱን አይጠቀሙም፤ በማሳውና በሰው ጓሮ አቆራርጠው ነው የሚመለሱት። ይህ ኮመን ሞድ ይባላል፤ እኛ የጋራ ጉዞ እንበለው። ሁለቱ ሽቦዎች እንደ አንድ ሽቦ ሆነው ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ይሸኙታል። መመለሻው ደግሞ መሬቱ፣ የዕቃው ብረት አካል፣ የቤቱ ቧንቧ፣ ያገኘው ሁሉ ነው።

የጋራ ጉዞ ለምን ይፈራል? ሄጁና ተመላሹ ጎን ለጎን ሲሆኑ የሚፈጥሩት ማግኔታዊ መስክ እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ወደ ውጭ የሚያመልጠው ጥቂት ነው። የጋራ ጉዞውን ግን በአቅራቢያ የሚያጠፋለት ተመላሽ የለም፤ ገመዱ በሙሉ አንቴና ይሆናል። 1 ሜትር ገመድ ላይ በሴኮንድ 50 ሚሊዮን ጊዜ የሚመላለስ 5 ማይክሮአምፔር ብቻ በጋራ ቢጓዝ፣ የአሜሪካ ሕግ ለቤት ውስጥ ዕቃ በ3 ሜትር ርቀት የፈቀደውን ጣሪያ ይነካል። ስልካችሁን በ2 አምፔር የሚሞላ ቻርጀር ካላችሁ፣ 5 ማይክሮአምፔር ከዚያ 400,000 ጊዜ ያንሳል። ይህችን ቅንጣት መያዝ ነው እንግዲህ ሥራው።

ብልጭታም ሬዲዮ ነው

ትራሙና ስልኩ የተጣሉት በአንድ መሬት ስለተጠቀሙ ነው። ቀጥሎ የመጣው ጫጫታ ግን በአየርም መብረር ይችላል። በ1880ዎቹ መጨረሻ ጀርመናዊው ሃይንሪክ ኸርዝ በሁለት ብረቶች መካከል የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲያስነሣ፣ ራቅ ብሎ በተቀመጠ ክፍተት ባለው የሽቦ ቀለበት ላይም ትንሽ ብልጭታ ታየች። በመካከላቸው የሚያገናኝ ሽቦ አልነበረም። የሬዲዮ ሞገድ መኖሩ በዚህ ተረጋገጠ።

ነገሩ ሌላም ገጽታ ነበረው። ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቆረጥና ሲቀጠል ሞገድ ከወጣ፣ ማንኛውም ብልጭ የሚል ዕቃ ሳይፈልግ የሬዲዮ ጣቢያ ሆነ ማለት ነው። በ1920ዎቹ ሬዲዮ በየቤቱ ሲገባ ሰው ይህን በጆሮው ሰማ። የቫኪዩም ማጽጃው ሞተር፣ የአሳንሰሩ ማብሪያ፣ የመኪናው ካንዴላ ሁሉ በዜናው መሃል ይንጫጩ ጀመር። የአንዱ አገር ዕቃ በሌላው አገር ስለሚሸጥ ነገሩ የአንድ መንግሥት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በ1933 ፓሪስ ላይ በተደረገ ስብሰባ ሲስፐር የተባለው የሬዲዮ ረብሻ ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ተጠነሰሰ። ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ጫጫታ የሚለካበትን አንድ ወጥ መሣሪያና ዘዴ መስማማት ነበር። ሁሉም በየራሱ ሜትር ከለካ ክርክሩ ማለቂያ የለውማ!

ቀለበቱ ከየት መጣ?

ለመፍትሔው ወደ ኋላ እንመለስ። ኦገስት 29፣ 1831 ለንደን ውስጥ ማይክል ፋራዴይ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው የብረት ቀለበት ላይ ሁለት የሽቦ ጥቅሎችን ለየብቻ ጠቀለለ። አንደኛው ጥቅል ውስጥ ኤሌክትሪክ በገባና በተቋረጠ ቁጥር፣ ሁለተኛው ጥቅል ላይ የተያያዘችው መርፌ ዘለል አለች። የትራንስፎርመር አያት ይህ ቀለበት ነው።

አሁን ይህን ቀለበት በሌላ መንገድ እናያይዘው። ኤሌክትሪክ ወደ ዕቃው የሚሄድበትን ሽቦ በአንዱ ጥቅል፣ የሚመለስበትን በሌላው ጥቅል እናሳልፍ። ሥራ የሚሠራው ኤሌክትሪክ በአንዱ ገብቶ በሌላው ስለሚወጣ፣ ሁለቱ ጥቅሎች ቀለበቱን በተቃራኒ አቅጣጫ ያመገንቱታል። ውጤቱ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። ለዚህ መንገደኛ ቀለበቱ የሌለ ያህል ነው። በጋራ የሚጓዘው ጫጫታ ግን በሁለቱም ጥቅሎች በአንድ አቅጣጫ ስለሚገባ መስካቸው ይደመራል፤ ቀለበቱም ያንን ለውጥ አጥብቆ ይቃወማል። ይህ ዕቃ የኮመን ሞድ ቾክ ይባላል።

በቁጥር እንየው። 10 ሚሊሄንሪ የሆነ ቾክ በ150 ኪሎኸርዝ ለሚጓዝ የጋራ ጫጫታ ከ9,000 ኦም በላይ ይከለክላል። ከመስመሩ ለሚመጣውና በ50 ኸርዝ ለሚመላለሰው ዋናው ኤሌክትሪክ ግን ሁለቱ ጥቅሎች ስለሚጣፉ ከሽቦው ከራሱ መከላከያ ብዙም አያልፍም። ሌላም ጥቅም አለው፦ ዋናው ኤሌክትሪክ ቀለበቱን ስለማያጨናንቀው ትንሽ ቀለበት ብዙ አምፔር የሚያልፍበትን መስመር መጠበቅ ይችላል። ገመዱ ላይ ያለችው ጉብታም ያው ናት፤ ሁለቱም ሽቦዎች በአንድ ቀዳዳ ስለሚያልፉ እያንዳንዱ አንድ ዙር እንደተጠቀለለ ይቆጠራል።

ግን የፋራዴይ ብረት አንድ ችግር አለበት። ብረት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። መስኩ በፍጥነት ሲለዋወጥ ብረቱ ውስጥ ራሱ አዙሪት ኤሌክትሪክ ይነሣና ኃይሉን ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። ለፈጣን ጫጫታ የሚሆነው ማግኔትን የሚያስተናግድ፣ ኤሌክትሪክን ግን እምብዛም የማያሳልፍ ነገር ነው። በ1930 ቶኪዮ ውስጥ ዮጎሮ ካቶና ታኬሺ ታኬይ ከብረት ዝገትና ከሌሎች ብረታ ብረት ኦክሳይዶች እንደ ሸክላ ተቃጥሎ የሚሠራውን ፌራይት አገኙ። በ1935 ይህንኑ ለማምረት ዛሬ ቲዲኬ ብለን የምናውቀው ኩባንያ ተቋቋመ። በ1944 ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ጉስታቭ ጓኔላ ጥንድ ሽቦ በመጠቅለል የጋራ ጉዞን አግዶ ልዩነቱን ብቻ የሚያሳልፍ የሬዲዮ ትራንስፎርመር አሳተመ። ቀለበቱም፣ ሸክላውም፣ አጠቃለሉም ተገኙ። የቀረው የሚያስፈልግበት ቀን ነበር።

ሳጥኑ ቀለለ፣ ጫጫታው በረታ

የድሮ ቻርጀርና ቴፕ ሪኮርደር ከባድ እንደነበር ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ክብደቱ የትራንስፎርመሩ ብረትና መዳብ ነው። ከግድግዳ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ብቻ ስለሚመላለስ፣ ትራንስፎርመሩ በእያንዳንዱ ዙር ብዙ ኃይል ማሻገር አለበት፤ ስለዚህ ትልቅ ይሆናል። ዙሩ በሴኮንድ 50,000 ቢሆንስ? በእያንዳንዱ ዙር የሚሻገረው ጥቂት ስለሚሆን መዳፍ ላይ የምትያዝ ትንሽ የፌራይት ትራንስፎርመር ትበቃለች።

ይህን የሚያደርገው ስዊች እያደረገ የሚሠራ የኃይል መቀየሪያ ነው። የግድግዳውን 220 ቮልት መጀመሪያ 310 ቮልት ገደማ ወደሆነ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይቀይረዋል፣ ከዚያ ትራንዚስተር በሴኮንድ አሥር ሺዎች ጊዜ እየበራና እየጠፋ ይከትፈዋል። ዘዴው ቀድሞም በጠፈር መሣሪያዎችና በትልልቅ ኮምፒውተሮች ውስጥ ነበር። በ1977 የወጣው አፕል 2 ኮምፒውተር ሮድ ሆልት የነደፈውን እንዲህ ያለ መቀየሪያ ይዞ ቤት ገባ።

ትራንዚስተሩ ሲጠፋና ሲበራ የኸርዝ ብልጭታ የአጎት ልጅ ነው። 300 ቮልት በ50 ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ አስቡ። ትራንዚስተሩ እንዳይግል ከብረት ማቀዝቀዣ ጋር ተጣብቋል፤ በመካከላቸው ስስ መከላከያ አለ። ሁለት ብረት፣ በመሃል መከላከያ፦ ይህ ራሱ ካፓሲተር ነው! ማንም አልገዛውም፣ በንድፉ ወረቀት ላይም አልተሣለም። መጠኑ 50 ፒኮፋራድ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በዚያ ፍጥነት በእያንዳንዷ ቅጽበት 0.3 አምፔር ወደ ማቀዝቀዣው ያሻግራል። ይህ ኤሌክትሪክ ወደ ምንጩ መመለስ ስላለበት በመሬት በኩል ዞሮ በሁለቱም የግድግዳ ሽቦዎች አንድ ላይ ይመለሳል። የጋራ ጉዞ ማለት ይኸው ነው።

ትራንዚስተሩን ቀስ አድርጎ ማብራትና ማጥፋት አይቻልም? ይቻላል፤ ግን በመሸጋገሪያው ጊዜ ትራንዚስተሩ ይግላል፣ ኃይል ይባክናል። ቻርጀሩን ትንሽ ያደረገውና ጫጫታውን የወለደው ያው አንድ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ጫጫታውን ከበር ላይ መያዝ ግድ ሆነ።

ሕጉ ተገለበጠ

በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮምፒውተሮች ቤት ሲገቡ የጎረቤት ቴሌቪዥን መርበሽ ጀመሩ። ቲአርኤስ-80 የተባለው ኮምፒውተር ራሱ ድምፅ ማውጫ አልነበረውም፤ ጫጫታው ግን በጣም ብዙ ስለነበር አንዳንድ ጨዋታዎች ተጫዋቹ ሬዲዮ አጠገቡ እንዲያስቀምጥ ያዝዙ ነበር። የጨዋታው ድምፅ በሬዲዮው ይሰማል! ለተጫዋቹ ደስ ይላል፣ ለጎረቤቱ ግን አይደለም።

በ1979 የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ኮምፒውተሮችና መሰል ዕቃዎች በአየርም ሆነ በገመድ የሚያወጡት ጫጫታ ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ ደነገገ። ለመኖሪያ ቤት የሚሸጡት ላይ ደንቡ ጠበቀ። የመጀመሪያው ቲአርኤስ-80 ይህን ማሟላት ስላልቻለ በ1981 ከገበያ ወጣ። በ1985 ሲስፐር ለዚህ ዓይነት ዕቃ ዓለም አቀፍ ደረጃ አወጣ፤ በአውሮፓ ደግሞ በ1989 የጸደቀው መመሪያ ከ1996 መጀመሪያ ጀምሮ ግዴታ ሆነ።

የኦሃዮውን ፍርድ አስታውሱ። በ1891 የተረበሸው ራሱን ይጠብቅ ተባለ፤ በ1979 ግን የሚረብሸው ራሱን ይግዛ ተባለ። ለውጡን ያመጣው ደግነት ብቻ አይደለም፣ ሒሳብም ነው። አንድ ትራምና አንድ የስልክ ኩባንያ ቢጣሉ ኩባንያው ሽቦ ይቀይራል። ሚሊዮን ኮምፒውተር ሲጮህ ግን እያንዳንዱ ጎረቤት ራሱን ይከላከል ማለት አይቻልም።

ፊልተሩና ሰውነታችሁ

ደህና ቻርጀር ውስጥ ኤሌክትሪኩ በሚገባበት በኩል ሁለት ዕቃዎች ተባብረው ይሠራሉ። አንዱ ቾኩ ነው፤ የጋራውን ጫጫታ ወደ ግድግዳ እንዳይወጣ ያግደዋል። ሌላው ዋይ ካፓሲተር ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ምስር የመሰለች ክብ ነገር ናት። ጫጫታውን በአጭር መንገድ ወደ ምንጩ ትመልሰዋለች፤ በሰው ጓሮ ከሚዞር እዚሁ ይመለስ እንደማለት ነው።

ታዲያ ካፓሲተሩን ትልቅ አድርጎ መገላገል አይቻልም? አይቻልም፤ ምክንያቱ እናንተ ናችሁ። ያው ካፓሲተር ከ50 ኸርዙ ዋና ኤሌክትሪክም ትንሽ ወደ ዕቃው ብረት አካል ያሳልፋል። 4.7 ናኖፋራድ ከሆነ በ220 ቮልት 0.32 ሚሊአምፔር ገደማ ያልፋል። የመሬት መስመር ካለ ይህ በሰላም ወደ መሬት ይሄዳል። የመሬት መስመር በሌለው ሶኬት ላይ ከሰካችሁ ግን መንገድ ፈልጎ ይጠብቃል፤ ባዶ እግራችሁን ሆናችሁ የላፕቶፑን ብረት ስትነኩ መንገዱ እናንተ ናችሁ። ብዙ ሰው ኤሌክትሪክ የሚሰማው ግማሽ ሚሊአምፔር አካባቢ ሲደርስ ነው፤ በስሱ የእጅ ጀርባ ግን ከዚያ በታችም ይሰማል። ላፕቶፕ ስትዳብሱ አንዳንዴ የሚሰማችሁ ንዝረት ብዙ ጊዜ ምንጩ ይህ ነው።

ለዚህ ነው የደኅንነት ደንቦች በዋይ ካፓሲተር በኩል የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚገድቡት፤ ከታማሚ ጋር ለሚገናኙ የሕክምና መሣሪያዎች ደግሞ ገደቡ እጅግ ይጠብቃል። ካፓሲተሩ ማደግ ካልቻለ ቀሪውን ሥራ ቾኩ ይሸከማል። ዕቃ መጠገን የምትወዱ ካላችሁ አንድ ነገር ያዙ፦ ዋይ ካፓሲተር በተራ ካፓሲተር አይተካም። ዋይ የተባለው ሲበላሽ መስመሩን እንዲቆርጥ ተደርጎ የተሠራና የተፈተነ ነው፤ ተራው ግን ሲበላሽ ሁለቱን ጫፎች ሊያገናኝና ሙሉውን 220 ቮልት የምትነኩት ብረት ላይ ሊያወጣው ይችላል። ንዝረቱ ከቀላል ማሳከክ ካለፈም ዕቃውን ንቀሉና የቤቱ የመሬት መስመር በባለሙያ ይታይ።

ትግሉ አላለቀም

ዛሬ ከጋሊየም ናይትራይድና ከሲሊከን ካርባይድ የሚሠሩ ትራንዚስተሮች ከቀድሞዎቹ በጣም ይፈጥናሉ። ቻርጀሩ የበለጠ ያንሳል፣ የኤሌክትሪክ መኪናውም ባትሪ ይቆጥባል፤ ጫጫታው ግን ወደ ከፍተኛ ድግግሞሽ ይወጣል። ጉዳቱም ሬዲዮ ላይ ብቻ አይቆምም። በ1990ዎቹ በፈጣን መቀየሪያ የሚነዱ የፋብሪካ ሞተሮች ላይ የጋራው ቮልቴጅ በሞተሩ ኩሽኔታ በኩል ብልጭ እያለ ብረቱን ሲበላው ታየ። ጃፓናውያኑ ሳቶሺ ኦጋሳዋራና ሂሮፉሚ አካጊ ከባልደረባቸው ጋር በዚያው ዘመን ከማገድ አልፎ ጫጫታውን በተቃራኒ ጫጫታ የሚያጠፋ ወረዳ ሠሩ፤ እዚያም ውስጥ አንድ የማግኔት ቀለበት አለ።

እስቲ ቤታችሁ ሞክሩት። ሬዲዮ መካከለኛ ሞገድ ላይ አድርጋችሁ ጣቢያ የሌለበት ቦታ አቁሙና ወደ ተሰካ ቻርጀር ወይም ወደ በራ ኤልኢዲ አምፖል አስጠጉት። አንዱ ዝም ይላል፣ ሌላው ይንጫጫል። ሁለቱም ስልካችሁን ይሞላሉ፤ ሁለቱም ያበራሉ። ቾኩን ቀንሶ ጥቂት ብር ያተረፈ አምራች ካለ ገዢው በብርሃኑ አያውቅበትም፤ የሚያውቀው ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት ነው። ለዚህም ነው ይህን ዕቃ ገበያ ብቻውን ያላመጣው፤ መለኪያ፣ ሕግና መርማሪ አስፈልገውታል። በሚቀጥለው ጊዜ ርካሽ ቻርጀር በእጃችሁ ይዛችሁ ክብደቱ በጣም ከቀለለባችሁ፣ ውስጡ ምን እንደጎደለ ጠይቁ።